ኬዙን ክፈተው!

ከመገናኛ እስከ መርካቶ «የጌም ኮምፒውተር አለን» የሚል ማስታወቂያ ሞልቷል። የሚሸጠው ግን በአብዛኛው መብራት ነው። ቀይና ሐምራዊ እየሆነ የሚሽከረከር ፋን፣ ፊቱ መስታወት የሆነ ኬዝ፣ ከላዩ «ኮር አይ ሰቨን» የሚል ተለጣፊ። ወጣቱ ከደመወዙ እየቆነጠረ ያጠራቀመውን ብር ይዞ ይመጣል፣ በመብራቱ ይማረካል፣ ከፍሎ ይወጣል። ቤቱ ገብቶ ጌሙን ሲከፍተው ምስሉ ይቆራረጥበታል። ተመልሶ ሲጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ጌሙ ከብዶ ነው እንጂ ማሽኑስ አሪፍ ነው።» ውሸት! ጌሙ አልከበደም፤ የተሸጠለት ዕቃ ነው የቀለለው። ይህ የንግድ ብልጠት አይደለም፣ ዓይን ያወጣ ሌብነት ነው።

በቅርቡ የእህቴን ልጅ ይዤ እንዲህ ካለ ሱቅ ገባሁ። «ብራዘር፣ ይሄ አውሬ ነው» አለኝ ሻጩ የኬዙን ጣሪያ መታ መታ እያደረገ። «አይ ሰቨን፣ 8 ራም፣ 4 ጂቢ ካርድ። የማያጫውተው ጌም የለም።» የትኛው አይ ሰቨን? «አይ ሰቨን ነዋ!» ካርዱስ ማን ይባላል? «ኤንቪዲያ፣ ኦሪጅናል።» እንግዲያው ኬዙን ክፈተውና ልየው አልኩት። «ጋራንቲው ይበላሻል» አለ። ሳይከፈት ብር እንደማይወጣ ሲገባው እያጉረመረመ ብሎኖቹን ፈታ። 8 ጂቢው ራም አንድ ፍሬ ነው፤ ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶውን ቀርቷል። ፓወር ሰፕላዩ ስም የለውም። ፕሮሰሰሩ አይ ሰቨን 4790 ነው። ካርዱ ከመዳፍ የማይበልጥ ጂቲ 1030፣ ያውም ዲዲአር 4 ሜሞሪ የተገጠመለት። «ጋሼ፣ እንሂድ» ብሎ የእህቴ ልጅ ክንዴን ሳበኝ።

ከፕሮሰሰሩ ልጀምር። መኪና የሚገዛ ሰው «ቶዮታ ነው» ስለተባለ ብቻ ብር አይቆጥርም፤ ሞዴሉንና ዓመቱን ያጣራል፣ መካኒክ ይዞ ይሄዳል። ኮምፒውተር ላይ ስንደርስ ምን ነካን? ኢንቴል አይ ሰቨን በሚል ስም መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ ወዲህ ከአሥር የሚበልጥ ትውልድ አልፏል። ያ 4790 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ አራት ኮር አለው፣ የሚቀበለው ራም ዲዲአር 3 ነው፣ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ ሻጩ ስሙን ሲሰማ አፍንጫውን የሚነፋበት አይ ስሪ 12100 እንኳ ራሱ አራት ኮር ሆኖ በጌም ጥሎት ይሄዳል። ከስሙ ኋላ ያለውን ቁጥር የማይነግርህ ሻጭ ወይ አያውቀውም፣ ወይ እንድታውቀው አይፈልግም። በሁለቱም በኩል ብርህ አይገባውም።

ካርዱ ደግሞ የባሰ ነው። የጌምን ሸክም የሚሸከመው ግራፊክስ ካርዱ ሆኖ ሳለ ገበያው የሚነግርህ የሜሞሪውን መጠን ብቻ ነው። «4 ጂቢ ካርድ» ማለት ምንም ማለት አይደለም! ጂቲ 1030 እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ሜሞሪው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያመላልስ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ስም የወጣው የዲዲአር 4 ዓይነት ግን 17 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። ስሙ አንድ፣ አቅሙ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ።

አምራቾቹም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጂቢው ከባለ 6 ጂቢው የሚያንሰው በሜሞሪ ብቻ መስሎ ተሸጠ፤ ውስጡ ግን ኮሮቹም ከ1,280 ወደ 1,152 ተቀንሰዋል። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጂቢ ጥሩ ካርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የመጣው ባለ 8 ጂቢ ስመ ሞክሼው ግን የሜሞሪ መንገዱ ከ192 ቢት ወደ 128 ተቆርጧል። የኤኤምዲ አርኤክስ 580ም እንዲሁ ነው፤ ዋናው 2,304 ኮር ሲኖረው በቻይና የወጣው ሌላኛው 2,048 ብቻ ነው፣ ማለትም አርኤክስ 570 ካባ ደርቦ። ከዚህ ላይ የለየላቸው አጭበርባሪዎች አሉ፤ የጥንት ካርድ ላይ የሐሰት ሶፍትዌር ጭነው «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» የሚያሰኙ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጂፒዩ ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ክፈተው፣ የኮሩን ብዛትና የሜሞሪውን ቢት አንብብ። ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ መልስህን አግኝተሃል።

ፓወር ሰፕላይ ሲነሳ ደሜ ይፈላል። መብራት በቀን ደጋግሞ በሚሄድበት፣ ሲመጣም እየዘለለ በሚመጣበት አገር ላይ ሆነን የምንቆጥብበት ዕቃ ይህ ሆነ? ጎኑ ላይ «500 ዋት» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። አንተ ግን ከታች ያለውን ሠንጠረዥ አንብብ። ፕሮሰሰሩንና ካርዱን የሚመግበው የ12 ቮልቱ መስመር ነው። እዚያ ላይ 20 አምፔር ካለ፣ 12 ጊዜ 20፣ 240 ዋት ነው። የቀረው 260 ዋት የት ገባ? ቀለም ነው! ኋላው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለበት ደግሞ የድሮ አሠራር መሆኑን እወቅ። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ዕቃ 115 ላይ እንደተቀመጠ የእኛ 220 ላይ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይፈነዳል፣ ሌላውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስሙ የታወቀ ደህና 550 ዋት ለመካከለኛ ማሽን ይበቃል፤ ስም የለሽ «750» ግን ለሬዲዮም አላምነው።

መስታወት ፊት ያለው ኬዝስ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙም በዚያው ልክ። በሳሳ አየር ላይ የፊቱን መተንፈሻ በመስታወት የሚደፍን ሰው ካርዱን እያፈነ ነው። ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ መብራት የሌለው ኬዝ ግዛና የተረፈህን ብር ካርዱ ላይ ጨምር።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ከመቶ ብር አርባው ለግራፊክስ ካርድ ይሂድ፣ ለፓወር ሰፕላይ ከስምንት አይነስ። ለፕሮሰሰር ራይዘን 5 5600 ለመካከለኛ በጀት ዛሬም ያኮራል፤ ስድስት ኮር አለው፣ ማቀዝቀዣው ከካርቶኑ ጋር ይመጣል። ግን ተጠንቀቅ፣ 5500ን «ያው ነው» ብለው ሊሰጡህ ይችላሉ። ያው አይደለም፤ ካሽ ሜሞሪው ግማሽ ነው። ከእሱ ጋር አርኤክስ 6600 ወይም ባለ 12 ጂቢው 3060፣ ሁለት ፍሬ ባለ 8 ጂቢ ራም፣ አንድ ኤን ቪ ኤም ኢ ኤስ ኤስ ዲ። ራሙ ሁለት ፍሬ ይሁን ያልኩት በአንድ ፍሬ መረጃው የሚመላለስበት መንገድ በግማሽ ስለሚጠብ ነው። ይህ ማሽን በ1080 ፒ አብዛኛውን ጌም በደንብ ያጫውታል። መብራቱ ብቻ ይጎድለዋል።

«ዶላሩ ነው እኮ!» ይሉኛል ነጋዴዎቹ። አውቃለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነጋዴው ተጎድቷል፣ እሺ። ገዢውስ? ደመወዙ በዶላር ነው? ዕቃ ሲወደድ ዋጋ መጨመር ያለ ነው፣ ማንም አይቆጣም። ዕቃ ሲወደድ የእ.ኤ.አ. 2014ቱን አሮጌ እንደ አዲስ መሸጥ ግን በኑሮ ውድነት ሊመካኝ አይችልም። ያገለገለ መሸጥም ነውር የለውም፤ «ያገለገለ ነው፣ ዓመቱ ይህ ነው» ብለህ ሽጠው። ገዢ አለው።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶችም ስሙኝ። ልጁ ሲለምናችሁ ዱባይ ላይ በችኮላ «ጌሚንግ» የተባለውን ሁሉ ገዝታችሁ አትላኩ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ እንደ ማይክሮ ሴንተር ያለ፣ ዕቃውን በሙሉ ስሙ የሚሸጥ መደብር ደጃችሁ ላይ አለ። ኬዝና ፓወር ሰፕላይ ለማጓጓዝ አትድከሙ፤ ካርዱንና ፕሮሰሰሩን ብቻ ላኩለት። ትንሽ ቦታ የሚይዙት፣ እዚህ ሰው የሚታለልባቸውም እነሱ ናቸው።

በመጨረሻም ደረሰኙ። «ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ 1» ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ ለማንም የማያገለግል ቁራጭ ወረቀት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። እንግዲህ ተጠቀምበት! የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር፣ የካርዱ ሙሉ ስም ከነሜሞሪው፣ የራሙ ፍሬ ብዛት፣ አዲስ ይሁን ያገለገለ በደረሰኙ ላይ ይስፈር፣ ማኅተም ይረፍበት። አልጽፍም ያለህን ሱቅ ጥለህ ውጣ፤ ስትወጣም ለጓደኞችህ ሁሉ ንገር። ሻጩ ሙሉ ስም የሚጽፈው አንድ ገዢ ስለተቆጣ አይደለም፤ ሳይጻፍ የሚገዛ ሲያጣ ነው።