ፍቅር በውድድር ይገኛልን?

በ2017 ዓ.ም. «ላጤ» የተባለ ተከታታይ ዝግጅት በዩቲዩብ ሲቀርብ፣ ዐሥር ሴቶች የአንድ ወንድ ምርጫ ለመሆን ሲወዳደሩ አየን። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2002 «ዘ ባችለር» ብለው ከጀመሩት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ከጓደኞቻችን ከፊሉ «ባህላችን ጠፋ» ብሎ አዘነ፤ ከፊሉም «ሥልጣኔ መጣ» ብሎ ተደሰተ። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም።

ባህል ጠፋ ለሚሉት ጥያቄ አለን። በወላይታ ጋብቻ ሲታሰብ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጎሳ ነው፤ ከማላም ይሁን ከዶጋላ፣ የአንድ ጎሳ ልጆች አይጋቡምና። ከዚያም ሽማግሌ ይላካል፣ ዘመድ ይመክራል። ይህ ሥርዓት ቤተሰብን ከቤተሰብ አስተሳስሮ ያኖረ ስለ ሆነ እናከብረዋለን። ነገር ግን ልጅቱን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቃት ስንቱ ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል ሲል የደነገገው በከንቱ አይደለም።

ሥልጣኔ መጣ ለሚሉትም እንዲሁ። ዐሥር ሰው ተሰልፎ አንዱ የሚመርጥበት ነገር ከገበያ በምን ይለያል? እውነቱን ለመናገር፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ ሲሰናበቱ እኛም በስልካችን እያየን ስቀናል። የተሰናበተችው ወደ ሰፈሯና ወደ እናቷ ቤት እንደምትመለስ ያሰብነው ሳቁ ካለፈ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ወለድ ይረዳናል እንላለን። አሜሪካዊቷ ኬት ስቴይመን ለንደን እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመችው «ዋን ቱ ዋች» በዚህ ዓይነት ዝግጅት ውስጥ የሚፈጸም አስቂኝ የፍቅር ታሪክ ነው። ባለታሪኳ ወፍራም ሴት ናት፤ ዝግጅቱ ቀጫጭኖችን ብቻ ያሳያል ብላ ትነቅፋለች፤ በኋላም ራሷ መራጭ ሆና ትቀርባለች። ካሜራ መልኳን ያሳያል፤ መጽሐፉ ግን ልቧን ይገልጣል። አንባቢ የሚስቀው ከእርሷ ጋር እንጂ በእርሷ ላይ አይደለም።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የለያየውን የዘር ትዕቢት አስለቅሶ አስተማረን። ስቀን የምንማርበት ግን ያንሰናል። በጊፋታ ሰሞን ሶዶ ላይ የተዋደዱ ሁለት ተማሪዎች ጎሳቸው አንድ መሆኑን ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ቢደርሱበት፣ እንዴት ያለ ታሪክ ይወጣው ነበር!

ብዕር ያላችሁ ጓደኞቻችን፣ እንዲህ ያለውን ጻፉልን፤ ገጻችን ክፍት ነው። መምህራኖቻችንም በእርማት እንዲረዱን እንለምናለን። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ በግቢያችን ያለ የማንም ሰው ስም አይነሣ፣ ሳቁም የተሰናበተችውን አያቍስል።