ይድረስ ለጋሼ፣ ለቆዳ ሰፊው

ጊታሩም ኬዙም ደህና ናቸው። የኬዙን እጀታ ስለሠሩልኝ ፊት ለፊት ሳመሰግንዎ «ሥራዬ አይደል እንዴ!» ይሉና ወደሚሰፉት ጫማ ያጎነብሳሉ፤ ነገሬም በእንጥልጥል ይቀራል። ስለዚህ በአደባባይ ጻፍኩት። ጊታር ተሸክመው የሚውሉ ባልደረቦቼም ቢያነቡት አልጠላም።

ሙዚቀኛ ላልሆነ ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ የኬዝ እጀታ አለቀ፣ ተቀየረ፣ በቃ። ግን ያቺ ስንዝር የማትሞላ ነገር የምትሸከመውን እንመዝነው። አኩስቲክ ጊታር 2 ኪሎ ገደማ ነው። የኮምፔርሳቶው ኬዝ ራሱ የጊታሩን እጥፍ ይከብዳል። ኬብሉ፣ ካፖው፣ መለዋወጫ ክሩ ሲጨመር ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል። ይህም ቆመው ሲይዙት ነው፤ ከታክሲ ዘለው ሲወርዱ ለቅጽበት የሚያርፍበት ጫና ከዚያ ይበልጣል። እጀታው ቢበጠስ ደግሞ «ኬዙ ውስጥ ስለሆነ ይተርፋል» ማለት አይቻልም። የጊብሰን ጊታሮች ጭንቅላት፣ በአብዛኛው፣ ወደ ኋላ 17 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። እንጨቱ እዚያ ጋ ይቀጥናል፣ ጅማቱም ሳይረዝም ይቋረጣል። ኬዙ በጀርባው ሲወድቅ የመቃኛዎቹ ክብደት ጭንቅላቱን ይነጥቀዋል፤ ከውጭ አንድም ጭረት ሳይታይ ከፍተው ሲያዩ አንገቱ ተሰብሯል።

የእኔው የፋብሪካ እጀታ በስስ ብረት ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ነበር። ፕላስቲክ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ነገር በዓመታት ውስጥ እየወጣ ያልቃል። ያኔ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ መዳፍ ይቆርጣል። እኛ ሙዚቀኞች ደግሞ ለዚህ ያለን መድኃኒት አንድ ነው፤ ናስትሮ። ናስትሮ በናስትሮ ላይ እየተደረበ እጀታው ይወፍራል፣ በላብ ይሟሟል፣ የሰው ልብስ ይይዛል። ውስጥ ያለውን ስንጥቅ ግን አይጠግነውም፤ ይሸፍነዋል እንጂ።

እርስዎ ዘንድ የመጣሁት አዲሱን በሪቬት መትተው በአንድ ሰዓት ይሸኙኛል ብዬ ነበር። እርስዎ ግን እጀታውን ትተው ክዳኑን ከፈቱ። በአውራ ጣትዎ የውስጡን ለስላሳ ገበር ዳበሱ፣ ጠርዙን በቢላ ሳይቀዱ ገለጡ፣ አሳዩኝ። የሪቬቱ ቀዳዳ ክብነቱን ለቆ ረዝሟል፤ ዙሪያው ያለው ኮምፔርሳቶም ተልጧል። አዲስ እጀታ እዚያ ላይ ቢመታ ኖሮ ቆዳው ሳይነካ ከነሪቬቱ ተነቅሎ ይወጣ ነበር። በአንድ ወገን የሚሳበው ሪቬት ከጀርባው የሚያርፍበት ነገር ከሌለ ስሱን እንጨት ቀስ በቀስ እየበላ እንደሚሾልክ ያን ቀን ገባኝ።

ከምናለሽ ተራ ያመጡትን ቁራጭ ላሜራ ከውስጥ አስደገፉት። የድሮዎቹን ሪቬቶች በትራፓኖ አውጥተው በቦታቸው ብሎን፣ ሮንዴላና ዳዶ ገባ። የብሎኑ ጫፍ ጊታሩን እንዳይጭር በቆዳ ሸፈኑት፣ ገበሩንም በማስቲሽ መለሱት። አሁን ክብደቱ በሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች ላይ መንጠልጠሉ ቀርቶ በላሜራው ስፋት ላይ ያርፋል። ይህ ሥራ ከውጭ አይታይም። ገንዘብ የሚከፍለው ደንበኛ የማያየውን የሚሠራ ሰው ስንት ነው?

ቆዳውስ! የደጋችን በግ ቆዳ በጓንት ሠሪዎች ዘንድ የተመሰገነ ነው፤ ለእጀታ ግን አልፈለጉትም። የበሬ አነሱ፣ እሱንም ከጀርባው ቆረጡ፤ የሆድ ቆዳ ይለጠጣል። ከዚያ የስፌት መኪናው አጠገብዎ ቆሞ ሳለ በእጅ መስፋት ጀመሩ። ምክንያቱን ስጠይቅዎ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፤ እኔ ላስረዝመው። የስፌት መኪና ሁለት ክር ይዞ አንዱን በሌላው ይቆልፋል። አንድ ቦታ ከተበጠሰ ተከታዮቹም እየላሉ ይተረተራሉ። የእርስዎ ግን በሰም የታሸ አንድ ክር ነው፣ ሁለት ጫፉ ላይ ሁለት መርፌ። በወስፌ በተከፈተው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለቱም ከግራና ከቀኝ ያልፋሉ። አንዱ ስፌት ቢበጠስ ጎረቤቱ የራሱን ይዞ ይቆያል። ኮርቻ ሰፊ የሚሰፋው እንዲህ ነው፤ ስፌቱ ቢተረተር ፈረሰኛው መሬት መውደቁ አይቀርማ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ለዚህ ነው፤ የሰጡኝ እጀታ ሳያስጠነቅቅ የሚከዳ አይደለም። ፕላስቲኩ የሚሰበረው ድንገት ነው፤ ትናንት ደህና፣ ዛሬ እጅዎ ላይ ግማሹ። የእርስዎ ሲያረጅ እያሳየ ያረጃል። አንድ ስፌት ይነሳል፣ ክሩ ይሻክራል፣ እኔም ዓይቼው እመጣለሁ።

በውጭ አገር ስላሉ አሮጌ ኬዝ ሰብሳቢዎች ስነግርዎ ስቀውብኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለጊብሰን ጊታሮች የተሠሩ፣ ውጫቸው ቡናማ፣ ውስጣቸው ሮዝ ኬዞች አሉ። ሰብሳቢው ሊበጠስ የደረሰውን የመጀመሪያ እጀታ ከአዲሱ አስበልጦ ይወደዋል። እውነታቸውን ነው፤ የእነሱ ጊታር ታክሲ አይሳፈርም።

በካሴት ሽፋን ላይ የጊታሪስት ስም ይጻፍ ነበር። ሮሃ ባንድ ሲነሳ ሰላም ስዩም ይነሳል፤ ይገባዋልም። ጊታሩ መድረክ እስኪደርስ በምን ተንጠልጥሎ እንደመጣ የጻፈ ግን አላየሁም። እኔ ልጽፍ ነበር፤ «ስሜን እንዳታነሳ» ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

አንድ ነገር ልጨምር። የቤዝ ተጫዋቻችን በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። የእሱ እጀታ ገና አልተበጠሰም፤ ናስትሮው ግን እየወፈረ ነው። «ቶሎ በሪቬት ይምቱልኝ» ማለቱ አይቀርም። እሺ እንዳይሉት፤ ገበሩን ይግለጡና ያሳዩት።

አክባሪዎ፣
ጊታሪስቱ