ሳማ ለምን አታለቅስም? «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ስለምንለው ነገር

ባለፈው ቪዲዮ ላይ ስለ አንድ ዘጋቢ ፊልም በጨረፍታ አንስቼ ነበር፤ «ሰፋ አድርገህ ጻፍልን» ስላላችሁኝ ይኸው መጣሁ። ፊልሙ «ፎር ሳማ» ይባላል፤ «ለሳማ» ማለት ነው። የወጣው በ2019 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ቆየት ብሏል የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ሌሊት ሥራ ጨርሼ ገብቼ ሳየው የዚህ ሳምንት ዜና መሰለኝ።

ፊልሙን የሠራችው ዋድ አል ካቲብ የምትባል ሶሪያዊት ናት። የአሌፖ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች ተቃውሞውን በስልኳ መቅረጽ ጀመረች፤ ከዚያ ተቃውሞው ጦርነት ሆነ፣ እሷም ካሜራዋን አላስቀመጠችም። ሐምዛ የሚባል ሐኪም አገባች። በጃንዋሪ 2016 ሳማ ተወለደች። ያኔ የከተማዋ ምሥራቅ ክፍል በአማፂያን እጅ ነበር፤ የአሳድና የሩሲያ አውሮፕላኖች ከላይ ይደበድቡታል። በዚያው ዓመት ክረምት ከበባው ተዘጋ፣ ዲሴምበር ላይ ቤተሰቡ ከተማዋን ለቆ ወጣ። ስለዚህ ሳማን በዋናነት የምናያት ከልደቷ እስከ አንድ ዓመቷ ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ ገና አፍ ያልፈታች ልጅ ናት።

እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው። ቦምብ ሲወድቅ ሳማ አታለቅስም። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ትልልቆቹ ይሯሯጣሉ፣ እሷ ዓይኗን ከፍታ ታያለች። እናትየዋ ይህን አስተውላለች፤ የሚያስፈራትም እሱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ጎበዝ ልጅ፣ ጸጥ ያለች» ብሎ ያልፈው ነበር።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ትዕይንት አያይዙልኝ። የመውለጃዋ ቀን የደረሰ ሴት ቆስላ ወደ ሆስፒታሉ ትመጣለች። በቀዶ ጥገና ሕፃኑን ያወጡታል፤ ነጭ ሆኗል፣ አይተነፍስም። ያሹታል፣ ይመቱታል፣ ዘቅዝቀው ይይዙታል። እኔ አልቋል ብዬ ፊቴን ልመልስ ስል ዓይኑን ገልጦ አለቀሰ። እናቲቱም ተረፈች። ክፍሉ ውስጥ ያ ልቅሶ የምሥራች ነው። የሚያለቅስ ልጅ እንደሚኖር እናውቃለን። የማያለቅሰውንስ?

ስለ አንጎል የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ ባለታክሲ ነኝ። ግን ማንም ወላጅ እንደሚያውቀው ልጅ የሚያለቅሰው ሰው ይደርስልኛል ብሎ ነው። ትልቁ ሰው ራሱ ሲንቀጠቀጥ በየቀኑ ካየ ለማን ያለቅሳል? እኛ ይህን «ለመደ» እንለዋለን።

ፊልሙ ልጆቹን መለመኛ አያደርጋቸውም፤ የወደድኩትም ለዚህ ነው። የተቃጠለ አውቶቡስ ቀለም ሲቀቡ፣ ሲስቁ ታያላችሁ። ጨዋታው ራሱ ግን ከጦርነቱ ዕቃ የተሠራ ነው። ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች ትንሽ ወንድማቸውን ይዘው ሆስፒታል የገቡበት አለ፤ አቧራ ለብሰዋል፣ ትንሹ ሞቷል። እሱን እዚህ ዘርዝሬ አልጽፈውም።

ፊልሙ ላይ በብዛት የሚነሳው ክርክር «ወላጆቿ ለምን ይዘዋት አልወጡም?» የሚለው ነው። ነገሩ ከዚያም ይብሳል። ቱርክ ሄደው የሐምዛን አባት ጠይቀዋል፤ እዚያ መቅረት ሲችሉ ሕፃኗን ይዘው አሌፖ ተመለሱ። ሐምዛ ሆስፒታል ነበረው፣ ቁስለኛ ይጠብቀዋል። የሚሠራበት አል ቁድስ ሆስፒታል በአፕሪል 2016 ተመቶ የሕፃናት ሐኪሙ ሳይቀር ሞቷል፤ ቀሪዎቹ ሌላ ሕንፃ ፈልገው ሥራ ቀጠሉ። ትክክል ናቸው? እኔ ብሆን አልመለስም ነበር፤ ይህን በግልጽ እናገራለሁ። ግን ሁሉም እንደኔ ቢያስብ ያ የማይተነፍስ ሕፃን ማን ያሸው ነበር? ዋድ ራሷም ነፃ ነኝ አትልም። ፊልሙ በሙሉ ለልጇ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ አንድ ቀን «ለምን?» ብትለኝ ብላ ያዘጋጀችው መልስ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ባለፈው የጁላይ 4 ማታ እዚህ ሜሪላንድ አንዲት እናትና ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጇን ጭኜ ነበር፤ ከአገር ቤት ከመጡ ወር አልሞላቸውም። ርችቱ ሲጀምር ልጁ አልጮኸም። ከመቀመጫው ቀስ ብሎ ተንሸራተተና ወለሉ ላይ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ተኛ። ደንግጬ መኪናዋን ዳር አስያዝኩ። እናትየዋ «ተወው ወንድሜ፣ ለምዶታል» አለችኝ። ከየት አካባቢ እንደመጡ አልጠየቅኳትም። ብጠይቅ የየትኛው ወገን ልጅ እንደሆነ ላውቅ ነበር፤ ያን ሰዓት ማወቅ አልፈለግሁም።

ዩኒሴፍ በ2024 መጨረሻ እንዳወጣው በዓለም ላይ 473 ሚሊዮን ልጆች ግጭት ባለበት አካባቢ ይኖራሉ፤ ከስድስት ልጅ አንዱ በላይ ማለት ነው። ከእነሱ ውስጥ የኛዎቹ አሉ። ትግራይ ውስጥ በኮቪድና በጦርነቱ ትምህርት ቤቶች ሦስት ዓመት ገደማ ተዘግተው ነበር። አማራና አፋርም ያንኑ ጦርነት ቀምሰዋል፤ አማራ ክልል ደግሞ ከ2023 ጀምሮ እንደገና ተኩስ ላይ ነው። በ2020 ሰባት ዓመቱ የነበረ ልጅ አሁን ጎረምሳ ሊሆን ነው። «ይረሳዋል» ያልነው ያን ልጅ ነው።

እኛ ውጭ ያለነውስ? እዚህ የሚያናድደኝ ነገር አለ። የሞተ ሕፃን ቪዲዮ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የማን ነው?» ብለን ነው። የኛ ከሆነ በየግሩፑ እንበትነዋለን፣ የነሱ ከሆነ «ውሸት ነው፣ ድራማ ነው» እንላለን። ይህን የሚያደርጉ አሉ ብዬ ጣት ስቀስር የራሴን ቻናል ኮሜንት ሳጥንም ይጨምራል። ሳሎን ውስጥ ድምፁን ከፍተን ስናይም የራሳችን ልጆች ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለዋል። አማርኛው ባይገባቸው ጩኸቱ ይገባቸዋል።

ዋድ ግን ምን አደረገች? በአምስት ዓመት ወደ 500 ሰዓት የሚጠጋ ቀረጻ ይዛ ወጣች። ከኤድዋርድ ዋትስ ጋር ሆና አንድ ሰዓት ተኩል ለሚሆን ፊልም አበቃችው፤ በ2020 የብሪታንያውን ባፍታ አሸነፈ፣ ለኦስካርም ታጨ። የኛ ሰዎች እጅ ላይም ቀረጻ አለ፤ ስልኩ በተቋረጠባቸው ወራት የተቀረጸ፣ ፍላሽ ላይ የተቀመጠ። እባካችሁ ከዘመድ እንዲህ ያለ ነገር የደረሳችሁ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡት። ፌስቡክ ላይ አትጣሉት፤ የልጁ ፊት አለበት፣ ልጁ ደግሞ ነገ አድጎ ራሱን ያየዋል።

ፊልሙን ማየት የምትፈልጉ፣ የእንግሊዙ ቻናል ፎርና የአሜሪካው ፒቢኤስ ፍሮንትላይን ናቸው አብረው የሠሩት፤ በነሱ ስም ፈልጉት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ እዩት። አይታችሁ ስትጨርሱ በወላጆቹ ውሳኔ ላይ ያላችሁን ሐሳብ ጻፉልኝ፤ እሁድ ቀጥታ ስገባ የተለየ ሐሳብ ያላችሁን አስቀድሜ አነባለሁ።