ጃፓን ለምትሄዱ፦ ኢያ ሸለቆ ውስጥ እደሩ

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተጨናንቋል። ለትምህርትም ለሥልጠናም ጃፓን የምትሄዱ የድሮ ተማሪዎቼ ናችሁ። "ቲቸር፣ እርስዎ እዚያ ኖረዋል፤ አንድ ሳምንት ብቻ ቢኖረኝ የት የት ልሂድ?" ትሉኛላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈውና ሌላውም ይጠቀምበት ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙ።

መልሴ አጭር ነው፦ ሺኮኩ ሂዱ። ሺኮኩ ውስጥ ደግሞ ኢያ ሸለቆ ግቡ። ከገባችሁ ደግሞ እደሩ። ጠዋት ገብታችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ ማታ የምትወጡ ከሆነ ግን ኪዮቶ ብትቀሩ ይሻላችኋል፤ ያን ያህል መንገድ ለምን ትደክማላችሁ?

ኪዮቶን ጠልቼ አይደለም። ግን በ2024 (እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንደዚያው) ጃፓንን የጎበኘው የውጭ አገር ሰው ወደ 36.9 ሚሊዮን ደርሷል። አብዛኛው የሚርመሰመሰው ቶኪዮ፣ ኦሳካና ኪዮቶ ላይ ነው። ቤተ መቅደስ አያለሁ ብላችሁ ሄዳችሁ የሰው ጀርባ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ሁለት ቀን ስጧቸው፤ ይበቃል።

ጂኦግራፊ ያስተማርኳችሁ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ጃፓን አራት ትልልቅ ደሴቶች አሏት። ፈተና ላይ ሦስቱን ጽፋችሁ የምትረሷት አራተኛዋ ሺኮኩ ነበረች። የስሟ ትርጉም "አራት አገሮች" ማለት ነው፤ ዛሬም ቶኩሺማ፣ ካጋዋ፣ ኤሂሜና ኮቺ በሚባሉ አራት አውራጃዎች ተከፍላለች። ያ ሁሉ የሚወራለት ሺንካንሰን ፈጣን ባቡር እዚህ አይገባም። ከኦሳካ ኦካያማ ድረስ በሺንካንሰን ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ ናንፑ የሚባለውን ባቡር ይዛችሁ፣ በ1988 የተከፈተውን የሴቶ ታላቅ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ሁለት ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ወደ ደቡብ ትጓዙና ኦቦኬ የምትባል ትንሽ ጣቢያ ላይ ትወርዳላችሁ። መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ባሕሩ ያልቅና ተራራው ይጀምራል፤ የዮሺኖ ወንዝ ከሥራችሁ አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል።

ኢያ የሚታወቀው በሐረግ ድልድዩ ነው። ካዙራባሺ ይሉታል። ርዝመቱ 45 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ከወንዙ በላይ ያለው ከፍታ 14 ሜትር ነው። የኪዊ ፍሬ ዘመድ ከሆነ የተራራ ሐረግ የተጎነጎነ ነው። የሚረገጠው እንጨት ተራርቆ ስለተደረደረ በመሃሉ ወንዙ ይታያል። ሳትወዱ ሐረጉን ሙጭጭ አድርጋችሁ ነው የምትሻገሩት። አፈ ታሪኩ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በጦርነት የተሸነፉት የሄይኬ ወገኖች ሸሽተው እዚህ ሸለቆ ውስጥ ተደበቁ ይላል። ጠላት ከመጣ ሐረጉን ቆርጠው ድልድዩን ለመጣል እንዲመቻቸው ነው አሉ እንዲህ ያለ ድልድይ የሠሩት። አፈ ታሪክ ነውና እንደ አፈ ታሪክ ስሙት።

አንድ ወዳጄ "ውስጡ እኮ የብረት ገመድ አለ፤ ሐረጉ ለማስመሰል ነው" ብሎ አጣጥሎት ነበር። ገመዱስ አለ፤ ሰው እንዳይሞት ነው። የኔ ነጥብ ሌላ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሐረግ ድልድዩ ቀርቶ በሽቦ ድልድይ ተተክቶ ነበር። በ1928 እንደገና በሐረግ የተሠራው አካባቢውን ለማነቃቃት፣ እንግዳ እንዲመጣ ተብሎ ነው። እንግዲህ እንግዳ መምጣቱ ነው ድልድዩን ከሞት ያስነሳው። ደግሞ በየሦስት ዓመቱ ሐረጉ ሁሉ ይፈታና እንደገና ይሠራል። ይህ ማለት ጫካ ገብቶ ሐረግ የሚመርጥ፣ በእሳት እያለዘበ የሚጎነጉን፣ ልጁን የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። እኔ እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ገመዱን ሳይሆን የሚቀጥለውን ሦስት ዓመት ነው፤ ማን ይጎነጉነዋል?

አብዛኛው ቱሪስት ይህን ድልድይ አይቶ ይመለሳል። የአውቶቡሱ መናኸሪያና የመኪና ማቆሚያው እዚያው ጎን የቆመ ግዙፍ ኮንክሪት ነው። በበኩሌ አልወደድኩትም፤ ከሸለቆው ጋር አይሄድም። ጃፓኖች ኮንክሪት ላይ እጃቸው አይታጠፍም፣ ወንዙንም ተራራውንም ማልበስ ይወዳሉ። ይህን ካልኩ ይብቃኝ።

እናንተ ግን እለፉ። ሽቅብ ወደ ምሥራቅ ስትወጡ ተራራው ላይ የተለጠፉ የሚመስሉ መንደሮች ታያላችሁ። ከነሱ ኦቺያይ የምትባለው ከታችኛው ቤት እስከ ላይኛው ቤት ያለው ልዩነት 390 ሜትር ነው። ጎረቤት ጨው ልበደር ብሎ ሲሄድ ተራራ ይወጣል! በ2005 መንግሥት ቅርስ ብሎ ከልሏታል።

እርሻቸውን ልብ ብላችሁ እዩልኝ፤ ለኔ ከድልድዩ የሚበልጠው እሱ ነው። እስከ 40 ዲግሪ የሚያዘነብል ገደል ላይ ያርሳሉ፣ ያውም ያለ እርከን! እኛ ኮንሶን የምናውቅ ሰዎች "አፈሩ እንዴት አልሄደም?" ማለታችን አይቀርም። መልሱ ሳር ነው። በበልጋቸው ረጅሙን ሳር ያጭዱና እንደኛ የጭድ ክምር ሾጠጥ አድርገው ይከምሩታል። ሲደርቅ ከትከተው ማሳው ላይ ያለብሱታል። ዝናቡን ይሰብራል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ሲበሰብስ ማዳበሪያ ይሆናል። እንዲያም ሆኖ አፈሩ ወደ ታች መንሸራተቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ለዚሁ በተሠራ መቆፈሪያ ከታች ወደ ላይ ይመልሱታል። በየዓመቱ! ፋኦ በ2018 ይህን አስተራረስ በዓለም አቀፍ የግብርና ቅርስነት መዝግቦታል። የሚዘሩት ሶባ የሚሉትን እህል፣ ትንንሽ ድንች፣ ሻይና እንደ ማሽላ ያሉ እህሎችን ነው። የኢያ ሶባ ኑድል አጭርና ተሰባሪ ነው፤ በሹካ እንጨቱ ስታነሱት ቁርጥ ይላል። ማያያዣ ዱቄት ስለማይቀላቅሉበት ነው እንጂ ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም። ምግብ ቤት ገብታችሁ ቅሬታ እንዳታሰሙ።

አሁን ወደ ናጎሮ ልምጣ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ግማሹ በሷ ምክንያት ነው።

ባለፈው ወር አንድ ተማሪዬ ቪዲዮ ላከልኝ። "የጃፓን አስፈሪው መንደር" ይላል ርዕሱ። የሚያስበረግግ ሙዚቃ አለው፣ ካሜራው አሻንጉሊቶቹ ፊት ላይ ድንገት ይቀርባል፣ ሰውዬው ያንሾካሹካል። ተማሪዬም "ቲቸር፣ እዚህ እንዳይሄዱ!" ብሎ የሚስቅ ምልክት ጨምሮበታል። አልሳቅኩም። ሄጃለሁና።

ናጎሮ ከሸለቆው ላይኛ ጫፍ ያለች መንደር ናት። ነዋሪዎቿ 30 አይሞሉም። አያኖ ፁኪሚ የሚባሉ እናት ከኦሳካ አባታቸውን ለመጦር ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ። ዘር ዘሩ፤ ወፍ ለቀመባቸው። የወፍ ማስፈራሪያ ሠሩ፤ አባታቸውን እንዲመስል አድርገው። አላፊ አግዳሚው "እንደምን አደሩ" ይለው ጀመር። ከዚያ አላቆሙም። የሞተውን ጎረቤት፣ ከተማ የገባውን፣ ከሰው መልክ እያስታወሱ በጨርቅና በጋዜጣ ሠሩት። ዛሬ በመንደሯ ከሰው አሻንጉሊቱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አውቶቡስ የሚጠብቅ አለ፣ ማሳ ውስጥ ያጎነበሰ አለ፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያወጋ አለ። ምን አስፈሪ አለው? ፎቶ ግድግዳ ላይ እንደ መስቀል ነው፤ እሳቸው ደጅ አስቀመጡት፣ በቃ።

እኔን የያዘኝ ትምህርት ቤቱ ነው። በ2012 ነው የተዘጋው። የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች ሁለት ነበሩ፤ ራሳቸውን የሚመስሉ አሻንጉሊቶች ሠርተው ሄዱ። ክፍሉ ውስጥ ዛሬ አሻንጉሊት ተማሪዎች ዴስካቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አሻንጉሊት መምህርም ፊት ለፊታቸው ቆሟል። ታውቁኛላችሁ፤ እኔ 80 ልጅ በአንድ ክፍል፣ ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። "ዝም በሉ!" እያልኩ ጉሮሮዬ የደረቀ ሰው። እዚያ በር ላይ ቆሜ አንድ የሚያወራ ልጅ ፈለግሁ። ወለሉ ተወልውሏል፣ መጋረጃው ንጹሕ ነው። አንድ ሰው እየመጣ ያጸዳዋል ማለት ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆምኩና ወጣሁ፤ ፎቶ አላነሳሁም። እናንተ ማንሳት ከፈለጋችሁ አንሱ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ሙዚቃ ግን አታስገቡበት።

ይህ የናጎሮ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በ2023 በተደረገው የቤቶች ቆጠራ ጃፓን ውስጥ ሰው የማይኖርበት ቤት ወደ 9 ሚሊዮን ይደርሳል። ገጠሩ ውስጥ ስትነዱ ታዩታላችሁ፤ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ግቢው ሳር ውጦት።

አንዳንዶቻችሁ "እና እኔ ከደሀ አገር ሄጄ የሀብታም አገር መንደር ላድን?" ትሉኝ ይሆናል። ኧረ አይደለም! ማንንም አታድኑም። እኔ የምላችሁ ገንዘባችሁ የት እንደሚወድቅ እወቁ ነው። ኦሳካ አድራችሁ ኢያን በአውቶቡስ ለጉብኝት ብትገቡ፣ ለሸለቆው የሚተርፈው የድልድዩ መግቢያና አንድ ስንጥር ድንች ነው። (ድንቹን ግን ብሉ፤ ከቶፉ ጋር በእንጨት ሰክተው፣ ሚሶ ቀብተው እሳት ላይ የሚያዞሩት ነው፤ ይጥማል።) እዚያው ብታድሩ ግን ቤቱን ያጸዳችው፣ ሶባውን የቆረጠችው፣ ሳሩን ያጨደው ሁሉ ይደርሰዋል። ይህን ቀድሞ ካዩት አንዱ አሜሪካዊው ጸሐፊ አሌክስ ከር ነው። በ1973 ገና ወጣት ሳለ ሰው የለቀቀውን የሳር ክዳን ቤት እዚህ ገዛ፤ ቺኢዮሪ ይባላል። በኋላም ኦቺያይ ውስጥ ያሉት አሮጌ ቤቶች ታድሰው ለእንግዳ ማደሪያ ሲሆኑ እጁ አለበት። ውጭው ያው የሳር ክዳን ነው፤ ውስጡ ግን ሙቅ ውሃም ማሞቂያም አለው።

እኔ ያደርኩት ከዚያ ተራ በሆነ ቤት፣ ሰማንያ ያለፋቸው እናት ዘንድ ነበር። ወለሉ መሃል ያለው ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠን፣ በኔ የተሰባበረ ጃፓንኛ አወራን። ከታች ያለውን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ እያሳዩኝ "ያ ማሳ ነበር፤ የጎረቤቴ" አሉኝ። ሰውየው ከመሄዱ በፊት ሱጊ የሚባለውን ጥዳቸውን ተክሎበት ነው የሄደው። ብዙ ቦታ እንዲሁ ነው ያደረጉት። እኛ "እንዴት ያምራል ደኑ!" የምንለው አንዳንዱ የተዘጋ እርሻ መሆኑን ያወቅሁት ያን ምሽት ነው። ቀን መጥቶ ማታ የሚመለስ ሰው ይህን ማን ይነግረዋል?

ጊዜ ካላችሁ፣ እዚያው ቶኩሺማ ውስጥ ካሚካፁም አለች። ኢያን አይታችሁ ሆድ ከባሳችሁ መድኃኒቷ እሷ ናት። በ1981 ብርድ የመንደሪን ዛፎቻቸውን ፈጀው። በ1986 የተራራ ቅጠል ሰብስቦ ለትልልቅ ምግብ ቤቶች መሸጥ ተጀመረ፤ ጃፓኖች ሳህን ላይ ለጌጥ የሚያስቀምጡት የሜፕል ቅጠል፣ አበባ፣ ቅርንጫፍ። የሚለቅሙት በአብዛኛው አሮጊቶች ናቸው፤ ትእዛዙን በታብሌት እያዩ። ቆሻሻቸውን ደግሞ ከ40 በላይ ቦታ ለይተው ነው የሚጥሉት። ከአርባ በላይ! እኛ ቤት ሁለት ቦታ ለዩ ብዬ ስንት ዓመት ተጨቃጨቅኩ።

ስለ ቀሪው ሺኮኩ ባጭሩ፦ ማፁያማ ከተማ ዶጎ የሚባል ፍል ውሃ አለ፤ ዋናው ሕንፃ የ1894 ነው፣ ታጠቡበት። ካጋዋ ውስጥ ኮንፒራ የሚባለው መቅደስ 785 ደረጃ አለው፤ ጉልበት ያለው እስከ ውስጠኛው መቅደስ 1,368ቱን ይውጣ። ኮቺ ውስጥ በሺማንቶ ወንዝ ላይ መከለያ የሌላቸው ዝቅ ያሉ ድልድዮች አሉ፤ ጎርፍ ሲመጣ እላያቸው ላይ እንዲያልፍ ብለው ነው የሠሯቸው። በየመንገዱ ነጭ ለብሰው በትር የያዙ ተጓዦች ታያላችሁ። በ774 የተወለደውን መነኩሴ ኩካይን እያሰቡ 88 ቤተ መቅደስ የሚዞሩ ናቸው፤ ሙሉው መንገድ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ነው። የአገሬው ሰው ለነሱ ፍራፍሬም ሻይም ሳንቲምም ይሰጣል፤ የእግዜር እንግዳ እንደምንለው። የውጭ ሰው ሆናችሁ ብትሄዱም ይሰጧችኋል፤ እምቢ አይባልም፣ በሁለት እጃችሁ ተቀበሉ።

ኢያ ለመግባት የጥቅምት መጨረሻና የኅዳር መጀመሪያ ግሩም ነው፤ ቅጠሉ ይቀላል። ብርድ ልብስ መሰል ጃኬት ያዙ። አውቶቡሱ በጣም ጥቂት ነው፤ በተለይ ወደ ናጎሮ የሚሄደውን የሰዓት ዝርዝር ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ካርድ የማይቀበል ብዙ ነው። ማደሪያውን ቀድማችሁ ያዙ፤ እራት የሚያበስሉት በቁጥራችሁ ልክ ስለሆነ ከደወላችሁ በኋላ አትቅሩባቸው። የቀረ ጥያቄ ያለው ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ፤ ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ።