ሞተሬን ምን ላጠጣው?

የዝቋላው ወንድሜ፣ «ሞተር ሳይክሌ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ስወርድ ያንኳኳል፤ ቤንዚኑ ይሆን?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ሊሆን ይችላል። ኦክቴን ጉልበት እንዳይመስልህ፤ ቤንዚኑ ካንዴላው ሳይለኩሰው በግፊትና በሙቀት እንዳይፈነዳ የሚያደርገው አቅም ነው። ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ በሞተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል። ቆላ ስትወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃልም፤ ደጋ ላይ ዝም ያለው ሞተር እዚያ ይጮሃል።

እኔ የምመክርህ፣ የኦክቴኑን ቁጥር ከጓደኛ ወሬ ሳይሆን ከሞተርህ መመሪያ ላይ ውሰድ። ከተጻፈው በላይ መግዛት ብር ማባከን ነው። ይልቅ የምፈራልህ በመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ነው፤ ላምባ ከተቀላቀለበት ኦክቴኑ ይወርዳል፣ ነገሩ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። ሲያንኳኳ እንዳልሰማ አትለፈው፤ የሚያንኳኳው ኪስህን ነው።