ሰው የራቀው ቤት

ዓምና ለገና የልጅ ልጄን ይዤ ላሊበላ ሄጄ ነበር። ከቤተ ጊዮርጊስ ስንመለስ ዐይኑ ከቀይ ድንጋይ በተሠሩት ባለ ፎቅ ክብ ጎጆዎች ላይ ዐረፈ።

«እማማ፣ እዚህ ማን ይኖራል?»

እኔ የተወለድኩት እንዲህ ባለ ቤት ነው፤ በጎቹ ከታች፣ እኛ ከላይ።

ዩኔስኮ ላሊበላን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፤ እነዚህን የላስታ ጎጆዎችም ከቅርሱ ጋር ያነሣቸዋል። በኋላ ለአብያተ ክርስቲያናቱ ጥበቃ ሲባል በዙሪያቸው ይኖር የነበረው ሰው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። ቤት ደግሞ ሰው ሲርቀው ክዳኑ ያፈስሳል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ድንጋዩን መጠገን ብቻውን አይበቃም፤ ቡና አፍልቶ እንግዳ የሚቀበል ባለቤት ያሻዋል።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ላሊበላ ስትወስዱ ጎጆዎቹንም አሳዩአቸው። የእኔው «ታዲያ ለምን አንጠግነውም?» ብሎኛል፤ መልስ አልሰጠሁትም።