የተሰነጠቀ ማርሚታና የዋስትና ወረቀት

በዛሬው ዕለት የምንጽፈው ማርሚታ ስለሚባል የብረት ዕቃ ነው። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ የመሥሪያ ቤት ወዳጆቻችን ይህን ቃል በመዝገበ ቃላት ቢፈልጉት ምናልባት አያገኙት ይሆናል፤ ወደ አንድ ጋራዥ ጎራ ቢሉ ግን ከመካኒኩ አፍ ይሰሙታል። ቃሉ የመጣው ከጣሊያንኛ ሲሆን፥ በዚያ ቋንቋ ትልቅ ድስት ማለትም ነው። ሥራውም ከሞተር በኃይል የሚወጣውን ጭስ መቀበል፥ በውስጡ ባሉት ክፍሎች እያዞረ ግፊቱን ማብረድና ድምፁን ቀንሶ ወደ ውጭ ማስወጣት ነው።

ስለ ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው የማርሚታን አሠራር በቶሎ ይረዳዋል። በጠመንጃ አፈሙዝ ላይ እየተገጠመ የተኩስን ድምፅ የሚያፍን መሣሪያ አለና። ይህን መሣሪያ ለገበያ ያበቃው ሂራም ፐርሲ ማክሲም የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ የፈጠራ መብቱንም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። አባቱ ሂራም ማክሲም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1884 በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የሠራው ሰው ነው። አባትየው ዓለምን ያስጮኸበትን ነገር ልጅየው ዝም ለማሰኘት የተነሣ ይመስላል። ልጁ ይህንኑ ዘዴ ለሞተር ጭስ ማውጫም አዋለው። ስለዚህ እንግሊዝኛ በሚሠራባቸው የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ሁለቱ ዕቃዎች ሳይለንሰር በሚባል በአንድ ስም ይጠራሉ። ይህ የስም አንድነት ያስከተለውን ነገር ወደ ኋላ እናወሳለን።

ጉዳዩ የደረሰው በጁባ ነው። የሱዳን የሰላም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2005 ከተፈረመ ወዲህ፥ በተለይም ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወደዚያ ሄደው ሆቴል፥ ምግብ ቤት፥ ሱቅና የውሃ ማመላለሻ መኪና ይዘው ኑሯቸውን መሥርተዋል። የከተማው ኑሮ ለብዙ ዘመን የተመሠረተው በጄኔሬተር ላይ ነበር። በ2012 ዓ.ም. 33 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀምሮ ለአንዳንድ ሰፈሮች መብራት ቢደርስም፥ ነጋዴ የሆነ ሰው ግን በጓሮው የራሱን ሞተር ሳያኖር እንቅልፍ አይወስደውም። ጁባ ታውን በሚባለው በአሮጌው የገበያ ሰፈር የሚያልፍ ሰው አመሻሹ ላይ የሚሰማው ይህንኑ የሞተር ድምፅ ነው።

በዚሁ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት የጎንደር ተወላጅ እመቤት አሉ። ከምግብ ቤቱ በስተጀርባ ከሁለት ልጆቻቸውና ከሠራተኛቸው ጋር ይኖራሉ። እኚህ እመቤት ባለ 5 ኪሎ ዋት የቤንዚን ጄኔሬተር አዲሱን ገዙ፤ ከዕቃውም ጋር የአንድ ዓመት ዋስትና የሚሰጥ ወረቀት ተቀበሉ። በአምስተኛው ወር የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ሲመረመርም ማርሚታው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። ስንጥቁ የጣት ጥፍር ያህል ነው። ጭሱ በመውጫው መውጣቱን ትቶ በዚያ በኩል ወደ ጓሮው ግድግዳ ይነፋ ጀመር፤ ከግድግዳው በላይ ደግሞ የልጆቹ መኝታ ክፍል መስኮት ነበረ።

አንባቢ ይህን እንደ ጥቂት ነገር እንዳያየው እንለምናለን። በአገራችን ከሰል በተዘጋ ቤት አድርገው ተኝተው ሳይነቁ ስለቀሩ ሰዎች ያልሰማ የለም። የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ነው፤ ከቤንዚን ሞተር የሚወጣውም ይኸው ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በሳንባ በኩል ወደ ደም ሲገባ ኦክስጅን የሚያጓጉዘውን የደም ክፍል ከኦክስጅን 200 ጊዜ ያህል በበለጠ ኃይል ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ምልክቱ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መዛል ነው። በጁባ እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ ሰው ሁሉ ወባ ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ እመቤቲቱም ትንሹ ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ራሴን ባላቸው ጊዜ የወባ ምርመራ አስደርገውለት ነበር። ወባ አልተገኘበትም። ልጁ ትምህርት ቤት ውሎ ሲመለስ ይሻለዋል፤ አድሮ ሲነሣ ይብስበታል። ነገሩን ያስተዋለችው ሠራተኛይቱ ናት፤ ምስጋና ይድረሳት። የዚያኑ ዕለት ሞተሩ ጠፋ፥ የልጆቹም አልጋ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ተዛወረ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም የልጁ ራስ ምታት ቆመ።

ወዲያውም ሌላ ችግር መጣ። ሞተሩ ከጠፋ ማቀዝቀዣው ይጠፋል፤ ማቀዝቀዣው ከጠፋ ሥጋው በጁባ ሙቀት እስከ ማግስቱ አይደርስም። በመንገዱ ዳር ደግሞ ብረት በያጁ እሳቱን አንድዶ ተቀምጧል። የሚጠይቀው ዋጋ የአንድ ምሳ ሒሳብ ያህል ነው፤ ሥራውንም በሩብ ሰዓት እጨርሳለሁ ይላል። እመቤቲቱ ማርሚታውን ሊያስፈቱ ሲሉ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፥ በሥራ ምክንያት በዚያው ከተማ የነበረ ነውና፥ የዋስትናውን ወረቀት እንዲያሳዩት ለመናቸው።

«ልጄ፥ ብየዳው አንድ ዓመት ያደርሰዋል ብሎኛል» አሉ። «አንተ ደግሞ ወረቀት ትለኛለህ። ወረቀት ማቀዝቀዣ ያስነሣል ወይ?»

«እትዬ፥ ወረቀቱ የሚያስነሣው ባለ ሱቁን ነው።»

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን፥ በስተመጨረሻው በደቃቅ ፊደል ሦስት ነገሮችን ይዟል። አንደኛው፥ ወኪሉ ያልፈቀደለት ሰው ዕቃውን ከፈታው ወይም ከበየደው ዋስትናው ይቀራል የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ማጣሪያና ሻማን የመሳሰሉ በአገልግሎት የሚያልቁ ነገሮች በዋስትናው ውስጥ አይገቡም የሚል ነው። ሦስተኛው ግን ለጁባ ሰው እጅግ የከፋው ነው፤ ይኸውም ዋስትናው የሚጸናው ዕቃው በተሸጠበት አገር ነው የሚለው ነው። በጁባ የሚሸጠው ሸቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ በካምፓላ በኩል ያልፋል፤ ከኒሙሌ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድም እ.ኤ.አ. በ2012 አስፋልት ለብሶ ከተመረቀ ወዲህ የከተማው ዋና የንግድ መሥመር ሆኗል። ይህ ጄኔሬተር መጀመሪያ የተሸጠው በካምፓላ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለውም ማኅተም የካምፓላው ወኪል ማኅተም ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። ዋስትና የሚለው ቃል ዋስ ከሚለው የተገኘ ነው፤ በትግርኛ ዋሕስ እንላለን፤ አማርኛ በመካከሉ ያለውን የጉሮሮ ድምፅ ውጦ ዋስ አለው። በሁለቱም ቋንቋ ዋስ ሰው ነው። ስም አለው፥ ደጅ አለው፤ ባለዕዳው ቢጠፋ እርሱ ይያዛል። የዛሬው ፋብሪካ በወረቀት ላይ ዋስ ነኝ ሲል ግን ደጁ የት እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ገዢው ፋብሪካውን ከመፈለግ ይልቅ ገንዘቡን የተቀበለውን ሰው መያዝ ይገባዋል ብለን እናምናለን።

የአገራችንም ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጩ የሸጠው ዕቃ እንደ ውሉ ለመሆኑና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ገዢውም በበኩሉ ዕቃውን እንደ ተረከበ የመመርመር፥ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ደግሞ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ እንዲችል ፈቅዷል። እርግጥ የእኛ ሕግ ድንበር ተሻግሮ በጁባ አይሠራም። ይሁን እንጂ የኬንያና የኡጋንዳ የሽያጭ ሕግ ከ1893ቱ የእንግሊዝ ሕግ የተወለደ ነው፤ እርሱም ነጋዴ የሸጠው ዕቃ ለተሸጠበት ጉዳይ የሚበቃ መሆን አለበት ይላል። የካምፓላው ወኪል ይህን ያውቃል፤ የጁባውም ባለ ሱቅ ከወኪሉ የገዛ ነጋዴ ስለሆነ በወኪሉ ላይ መብት አለው።

በቀድሞ ዘመን ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ አልነበረም። ጠመንጃ የሚገዛ ሰው በርሜሉን ወደ ብርሃን አቅንቶ ይመለከታል፥ ቃታውን ይስባል፥ ተኩሶም ይሞክራል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ ይነጋገራል። ገጣሚው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ከሁለት ሺህ የሚበልጥ አሮጌ ጠመንጃ ከታጁራ አስጭኖ እ.ኤ.አ. በ1887 ሸዋ በደረሰ ጊዜ፥ ንጉሥ ምኒልክ ዕቃውን ካዩ በኋላ ካሰበው ዋጋ በታች ቆረጡለት፤ የሞተውን የንግድ ባልደረባውን ዕዳ ቀነሱበት፤ የቀረውንም ከሐረር ከራስ መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት። ፈረንሳዊው ስለዚህ ነገር በጣም አማሯል። እኛ ግን ገዢውን አንወቅሳቸውም፤ ራምቦ አሮጌውን ጠመንጃ ሸጦ ወደ ጠረፍ ከተመለሰ በኋላ ማን ተመልሶ ይጠይቀዋል?

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ለባለ ሱቁ የሚሰጥ ደብዳቤ ተጻፈ። በደብዳቤው ላይ ዕቃው የተገዛበት ቀንና የደረሰኙ ቁጥር፥ በሞተሩ ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር፥ ስንጥቁ የታየበት ዕለት፥ ማርሚታውንም ማንም ሰው ያልፈታው መሆኑ ተገለጸ፤ የተነሣው ፎቶግራፍም ተያያዘ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ማርሚታው በአዲስ ይለወጥልን የሚል። ቁጣ የሚባል ነገር አልተጻፈም። የልጁ ሕመም ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቅሷል፤ ምክንያቱም ጭስ የሚያፈስ ዕቃ መሸጥ ከተሰበረ እጀታ ጋር የሚመዘን ጥፋት አለመሆኑን ባለ ሱቁ እንዲያውቀው ያስፈልግ ነበር።

ባለ ሱቁ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። መጀመሪያ ማርሚታ እንደ ማጣሪያ የሚያልቅ ነገር ነው አለ፤ በወረቀቱ ላይ ከተዘረዘሩት መካከል አለመኖሩን ባሳዩት ጊዜ ሞተሩ ወድቆ ይሆናል አለ፤ አንድም የተጫረ ወይም የጎበጠ ቦታ ስላልተገኘ ያንንም ተወው። በመጨረሻም «እንግዲያው ካምፓላ ይውሰዱት» ብሎ በጁባ ዓረብኛ ተናገረ። እመቤቲቱ በዚያው ቋንቋ የመለሱት ቃል ከደብዳቤው ይልቅ ሠርቷል ብንል ማጋነን አይደለም፤ «እኔ ገንዘቤን የሰጠሁት ለካምፓላ አይደለም፥ ለአንተ ነው፤ አንተም በየቀኑ ከእኔ ቤት ምሳህን ትበላለህ» አሉት። ሰውየው ስልኩን አንሥቶ ወኪሉን ጠራ።

ወኪሉ አዲስ ማርሚታ ለመላክ ተስማማ፤ አሮጌው እንዲመለስለትም ጠየቀ። እዚህ ላይ ነው ያ የስም ነገር የመጣው። በዕቃው መሸኛ ላይ የተጻፈው «አንድ ሳይለንሰር» የሚል ብቻ ነበር። በመንገድ ላይ ወረቀቱን ያየ አንድ ተቆጣጣሪ በአፈሙዝ ላይ የሚገጠመው መስሎት ጥቅሉን አስቀርቶ ሾፌሩን ሲመረምር ዋለ። በዚያ አገር ያለፈውን ጦርነት ለሚያስታውስ ሰው የተቆጣጣሪው ጥርጣሬ ነውር የለበትም። ጥቅሉ የተለቀቀው ወኪሉ የሞተሩን ስምና መለያ ቁጥር ጨምሮ ሌላ መሸኛ ከላከ በኋላ ነው፤ በዚህም ስምንት ቀን ጠፋ። በጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ወዳጆቻችን የዕቃ ስም በምትጽፉበት ጊዜ የምን ዕቃ እንደሆነ ብትጨምሩበት የሚተርፈውን ድካም ከዚህ ትረዳላችሁ።

አዲሱ ማርሚታ ከተጠየቀ በ23ኛው ቀን ተገጠመ። በእነዚያ ቀናት እመቤቲቱ በረዶ እየገዙ ሥጋውን ሲያቆዩ የወጣውን ገንዘብ የከፈላቸው የለም፤ የዕቃውን የመንገድ ኪራይ ግን ባለ ሱቁ ቻለ። ሞተሩም ከቀድሞው ቦታው ተነሥቶ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር እንዲርቅ፥ የጭሱም መውጫ ከቤቱ ተቃራኒ እንዲዞር ተደረገ፤ ማርሚታው ደህና ቢሆንም እንኳ ይህ ርቀት ያስፈልጋልና።

አንድ ነገር ብቻ ሳይስማሙ ቀሩ። እመቤቲቱ በአዲሱ ማርሚታ ላይ አዲስ የአንድ ዓመት ዋስትና እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። ባለ ሱቁ ዋስትናው የሚቆጠረው ጄኔሬተሩ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ነው ብሎ እምቢ አለ። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ሞተሩ ቆሞ የዋለባቸውን 23 ቀናት በወረቀቱ ግርጌ በእጁ ጽፎ ጨመረላቸው፤ ማኅተሙንም መታበት።